የአንድ ዜማ ሁለት መጻሕፍት

አንድ እድር አለ እንበል። ደንቡ የተጻፈው በአንድ ደብተር ላይ ነው። አባላቱ ሲበዙ ጸሐፊው ደንቡን ገልብጦ ለሁለተኛው መንደር ሰጠ። ከዓመታት በኋላ አንድ አባል ሞተና ለሐዘንተኛው ቤት ስንት ብር ይሰጥ የሚል ክርክር ተነሣ። አንዱ ደብተር 1,000 ብር ይላል። ሌላው 10,000 ብር ይላል። ሁለቱም በቀለም ተጽፈዋል። ሁለቱም ማኅተም አለባቸው። ታዲያ የትኛው ነው ትክክሉ?

ማንበብ የማይችል ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው የሚያነብለት ፈልጎ፣ ያ ሰው ያለውን ይቀበላል። ማንበብ የቻለ ሰው ግን ሁለቱን ደብተሮች ጎን ለጎን ዘርግቶ በገዛ ዓይኑ ያያል። ካየ በኋላ ደግሞ አዲስ ችግር ይመጣበታል። ፊደሉን መለየቱ ብቻውን መልስ አይሰጠውም። «ይህ ደብተር ከየት ተገለበጠ? ማን ገለበጠው? መጀመሪያ የተጻፈው የት አለ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። የመጀመሪያው ደብተር ከተገኘ ነገሩ ቀላል ነው። የመጀመሪያው ጠፍቶ ግልባጮቹ ብቻ ከቀሩ ግን ብልሃት ያስፈልጋል።

በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ስለዚህ ብልሃት ነው። ምሳሌ አድርገን የምናነሳው ግን ዜማ ነው። ዜማው በሩቅ አገር ለፒያኖ የተደረሰ ነው። ከታተመ 200 ዓመት አልፎታል፤ በውስጡ ስላለችው አንዲት ድምፅ የሚደረገው ክርክር ግን እስከ ዛሬ አላለቀም።

«ዜማ ደግሞ እንዴት ይጻፋል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በኛ አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እዚህ በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ በቀራንዮ መድኃኔ ዓለም የበዓል ሌሊት ማኅሌት ሲቆም የሚሰማው ዜማ በመጽሐፍ የሰፈረ ነው። ዋናው መጽሐፍ ድጓ ይባላል። ዜማውን የደረሰው በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረው ቅዱስ ያሬድ መሆኑን ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉ ሦስት ስልቶች አሉት። ድጓን ገልጦ ላየ ሰው፣ ከቃሉ በላይ በትንንሹ የተጻፉ ፊደላትና ጭረቶች ይታዩታል። እነዚህ ምልክት ይባላሉ። ድምፁ የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚወድቅ፣ የት እንደሚረግጥ ለዘማሪው ያስታውሱታል። ይህን የምልክት ሥርዓት ያወጡት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ማለትም በፈረንጅ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሚባሉ ሊቃውንት ናቸው ይባላል።

በድሮው ልማድ የድጓ ተማሪ መጽሐፉን ከገበያ አይገዛም። ራሱ ገልብጦ ይጽፈዋል። ብራናው ተፍቆ፣ ቀለሙ ተበጥብጦ፣ መቃ ተቀርጾ፣ ገና ከዚያ በኋላ ነው ጽሕፈቱ የሚጀመረው። ሰው ነውና ይደክመዋል፤ ዓይኑ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ይዘላል፤ አንዲት ምልክት ትቀራለች። ምልክቷ ከቀረች ዜማው ይጎድላል ወይም ወደ ሌላ ይሄዳል።

ታዲያ ይህ ስህተት በምን ይያዛል? በመምህሩ ጆሮ ነው። ተማሪው እፊቱ የጻፈውን ሲያዜም የኔታ «ቁም!» ይሉታል። «የኔታ፣ መጽሐፌ እንዲህ ይላል» ቢላቸው «መጽሐፍህን ፋቀው» ይሉታል። ብራና በቢላ ይፋቃልና ስህተቱ ተፍቆ ይታረማል። እዚህ ላይ ልብ እንበል። ጽሑፉን የሚዳኘው አፍ ነው። የኔታ ከመምህራቸው ሰምተዋል፤ የእሳቸውም መምህር ከመምህራቸው። ድጓ ያወቀ ተማሪ ጋይንት ወደሚገኘው ቤተልሔም ሄዶ የሚያስመሰክረው ለዚህ ነው።

ልዩነት ሁሉ ደግሞ ስህተት አይደለም። የቤተልሔም፣ የአጫብር፣ የቆማና የተጉለት እየተባሉ የሚለዩ የዜማ ወገኖች አሉ። የአንዱ አካሄድ ከሌላው ይለያል። ሆኖም ማንም ሊቅ ተነሥቶ «የዚያኛው ስህተት ነው፤ ይፋቅ» አይልም። እያንዳንዱ ከመምህር ወደ ተማሪ የወረደበት የታወቀ መንገድ አለውና። ስህተት የምንለው ይህ የትውልድ መንገድ የሌለውን ነው። ይህን ነገር እንያዘው፤ ቆይቶ ይጠቅመናል።

አሁን ወደ ፒያኖው እንሂድ። ፒያኖ ትልቅ የእንጨት ሣጥን የመሰለ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። በውስጡ የተወጠሩ የብረት ክሮች አሉት። ከፊት ለፊቱ በጣት የሚጫኑ ቁልፎች በተርታ ተደርድረዋል። የዛሬው ፒያኖ 88 ቁልፎች ሲኖሩት 52ቱ ነጭ፣ 36ቱ ጥቁር ናቸው። አንዱን ቁልፍ ሲጫኑት ከውስጥ ትንሽ መዶሻ ብድግ ብላ ክሩን ትመታለች፤ ድምፁም ይወጣል። ክራራችን በጣት ተገርፎ እንደሚጮኸው ሁሉ ይኸኛው በመዶሻ ተመቶ ይጮኻል ማለት ነው።

የፒያኖ ዜማ የሚጻፈው በአምስት አግድም መስመሮች ላይ ነው። ነጠብጣብ የመሰሉ ምልክቶች በመስመሮቹ ላይና መካከል ይቀመጣሉ። ነጠብጣቡ ወደ ላይ ከወጣ ድምፁ ይቀጥናል፤ ወደ ታች ከወረደ ይጎረናል። ይህ ጽሕፈት ኖታ ይባላል። አዲስ አበባ በሚገኘው በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚማሩ ወጣቶችም የሚማሩት ይህንኑ ነው።

ለፒያኖ ከደረሱት ሰዎች ሁሉ ስሙ ከፍ ብሎ የሚጠራው ሉድቪግ ቫን ቤትሆቨን ነው። በጀርመን አገር በቦን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1770 ተወለደ። ብዙውን ዕድሜውን የኖረው በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ሲሆን፣ የሞተውም እዚያው በ1827 ነው። ይህ ሰው ገና በወጣትነቱ ጆሮው መድከም ጀመረ። ከ1818 ጀምሮ የሚያነጋግሩት ሰዎች ሊሉት የፈለጉትን በደብተር ላይ ይጽፉለት ነበር፤ እሱም አንብቦ በአፉ ይመልስላቸዋል። ከእነዚህ ደብተሮች ብዙዎቹ ዛሬም አሉ። እንግዲህ አስቡት። ሰውዬው ከሰው ጋር የሚገናኘው በማንበብ ነበር። የገዛ ዜማውን እንኳ በጆሮው ሰምቶ «እዚህ ላይ ተሳስቷል» ማለት አይችልም። የታተመለትን ወረቀት በዓይኑ ማረም ብቻ ነው የቀረው። በኛ አገር የኔታ በጆሮ የሚሠሩትን ሥራ እሱ በዓይኑ መሥራት ነበረበት።

በእነዚያ ዓመታት፣ በ1817 እና በ1818፣ በኛ አገር ዘመነ መሳፍንት በነበረበት ወቅት ማለት ነው፣ ቤትሆቨን አንድ ትልቅ የፒያኖ ድርሰት ጻፈ። ሶናታ የሚባል ዓይነት ነው። ሶናታ ማለት ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ክፍል ያለው፣ ያለ ዘፋኝ በመሣሪያ ብቻ የሚሰማ ድርሰት ነው። ይኸኛው አራት ክፍል አለው። ከዳር እስከ ዳር ለመጫወት 40 ደቂቃ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሀመርክላቪር ይሉታል፤ ባለ መዶሻ መሣሪያ እንደ ማለት ነው። በፒያኖ ከሚጫወቱት ሁሉ እጅግ አስቸጋሪው እንደሆነ ብዙ ተጫዋቾች ይናገራሉ።

ይህ ድርሰት በ1819 በሁለት ከተሞች ታተመ። አንዱ በቪየና አርታሪያ በሚባል አሳታሚ፣ ሌላው በእንግሊዝ አገር በለንደን። ለምን ሁለት ቦታ? በዚያ ዘመን የአንድ አገር ሕግ የደራሲን መብት በሌላ አገር አያስከብርም ነበር። ቪየና የታተመውን ለንደን ያለ ነጋዴ እንዳሻው አትሞ ቢሸጠው ደራሲው ምንም አያገኝም። ስለዚህ ደራሲዎች ሥራቸውን በየአገሩ ላለ አሳታሚ ለየብቻ ሸጠው፣ በተቀራረበ ጊዜ እንዲወጣ ያደርጉ ነበር። ቤትሆቨንም ገንዘብ ቸግሮት ስለነበር እንዲሁ አደረገ። በለንደን ጉዳዩን የያዘለት ፈርዲናንድ ሪስ የሚባል የቀድሞ ተማሪው ነው።

አንድ ዜማ ከደራሲው እጅ ወጥቶ ገዢው እጅ እስኪገባ ስንት ሰው እንደሚነካው እንይ። በመጀመሪያ ደራሲው በእጁ ይጽፋል። የቤትሆቨን ጽሕፈት ደግሞ ለማንበብ የሚያስቸግር ነበር፤ ይሰርዛል፣ ይደልዛል፣ በዳር በዳሩ ይጨምራል። ቀጥሎ ገልባጭ የሚባለው ባለሙያ ያንን ዝብርቅርቅ አንብቦ በንጹሕ ወረቀት ይጽፈዋል። ያ ንጹሕ ግልባጭ ወደ ማተሚያው ይሄዳል። በማተሚያው ቤት ቀራጭ አለ። ቀራጩ ኖታውን በለስላሳ የብረት ሰሌዳ ላይ ይቀርጻል። የሚቀርጸውም እንደ ማኅተም ተገልብጦ ነው፤ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ። ከዚያ ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ይታተምበታል። የመጀመሪያዋ ወረቀት ለእርማት ለደራሲው ትላካለች። ስህተት ከተገኘ ሰሌዳው በጀርባው ተቀጥቅጦ፣ ቦታው ተስተካክሎ እንደገና ይቀረጻል።

ቪየና ላለው አሳታሚ ይህ አይከብድም፤ ደራሲው እዚያው ከተማ ነው። ለንደን ግን ሩቅ ነው። ቤትሆቨን የላከው ሌላ ግልባጭ ነበር፤ በዚህም ግልባጭ ውስጥ ብዙ ስህተት ስለተገኘ የእርማት ዝርዝር በደብዳቤ አስከትሎ ላከ። ስለዚህ ሁለቱ ኅትመቶች ከአንድ አባት ቢወለዱም በተለያየ ሰው እጅ ያደጉ ልጆች ናቸው።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን እንዘርጋቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ ዓይን የሚገባው የክፍሎቹ ተራ ነው። በቪየናው ኅትመት አንደኛው ክፍል ፈጣንና ኃይለኛ ነው፤ ሁለተኛው አጭርና ቀልደኛ፤ ሦስተኛው ረጅም፣ ዝግ ያለና ያዘነ፤ አራተኛው በዝግታ ጀምሮ ወደ ታላቅ ሩጫ የሚገባ። በለንደኑ ግን ያዘነው ረጅም ክፍል ሁለተኛ፣ ቀልደኛው አጭር ክፍል ሦስተኛ ሆኗል። አራተኛው ክፍል ደግሞ ጭራሹን ተነጥሎ ለብቻው እንደ ሌላ ሥራ ታትሟል። ቤት ገዝቶ ማድ ቤቱን ሌላ ግቢ እንደማግኘት ነው።

ይህን ያየ ሰው «የለንደኑ አሳታሚ አበላሸው» ብሎ ለመፍረድ ይቸኩላል። እኛም ደብዳቤው ባይኖር ኖሮ እንዲሁ በፈረድን ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ቤትሆቨን ራሱ በ1819 ለሪስ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሶናታው ለለንደን ሰው እንዳለ የማይስማማ ከሆነ ተራው ቢቀያየር፣ ከፊሉም ቢቀር እንደሚፈቅድ ገልጾለታል። እንግዲህ የለንደኑ ተራ ያለ ደራሲው ፈቃድ የተደረገ አይደለም።

ታዲያ የትኛው ይያዝ? ዛሬ ተጫዋቾች የሚከተሉት የቪየናውን ነው፤ እኛም ትክክል ነው እንላለን። ፈቃድና ፍላጎት ይለያያሉ። በክፉ ዓመት በሬውን በርካሽ የሸጠ ገበሬ ሽያጩን ፈቅዷል፤ የበሬው ዋጋ ያ ነው ማለቱ ግን አይደለም። ቤትሆቨን ለሪስ ያን ሲጽፍ የተቸገረ ሰው ነበር። እሱ ባለበት ከተማ፣ በዓይኑ ሥር የታተመው የቪየናው መጽሐፍ ተራውን አልለወጠም።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ያስገርማል። ያዘነው ረጅም ክፍል የሚጀምረው በሁለት ድምፆች ነው። ሰው ወደ አንድ ቤት ሊገባ ሁለት ደረጃ ወጥቶ ደጃፉ ላይ እንደሚቆም፣ ዜማውም ሁለት እርከን ከፍ ይልና ከዚያ ዋናው ይጀምራል። እነዚህ ሁለት ድምፆች መጀመሪያ ለለንደን በተላከው ግልባጭ ላይ አልነበሩም። በለንደን ሥራው ለኅትመት ተዘጋጅቶ ሳለ ከቪየና ደብዳቤ መጣ። «በዚህ ክፍል መጀመሪያ ላይ እነዚህን ሁለት ኖታዎች ጨምር» ይላል። ሪስ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲናገር፣ ይህን ያህል ትልቅ ሥራ ካለቀ ከወራት በኋላ ሁለት ኖታ ብቻ መላኩ እንዳስደነገጠው፣ የመምህሩንም ጤንነት እንደተጠራጠረ ገልጿል። ድምፆቹን በቦታቸው አድርጎ ሲሰማቸው ግን ምን ያህል እንዳሳመሩት አወቀ።

ያ ደብዳቤ መንገድ ላይ ጠፍቶ ቢሆንስ? ያን ጊዜ በየመንገዱ የፈረስ ጋሪና የመርከብ ጉዞ ነው። ቢጠፋ ኖሮ የለንደኑ መጽሐፍ ያለ እነዚያ ሁለት ድምፆች ይወጣ ነበር። ዛሬም ሰዎች «የፊተኛው ግልባጭ የላቸውምና የቪየናው ቀራጭ ከየት አመጣቸው?» እያሉ በተከራከሩ ነበር። ቀድሞ የተጻፈ ሁሉ የተሻለ ነው ማለት እንደማይቻል ከዚህ ይታያል። ደራሲው በሕይወት እስካለ ድረስ ሐሳቡን ያሻሽላል።

እስካሁን ያየናቸው ሁለት መጻሕፍት ሲለያዩ ነው። የባሰ የሚያስቸግረው ግን ሲስማሙ ነው። ይህን ለማስረዳት ኮልፌ አጠና ተራ ደርሰን እንመለስ። አጠና ተራ የባሕር ዛፍ እንጨት የሚሸጥበት ሰፈር ነው። አንድ አናጢ 10 አጠናዎችን በ3 ሜትር ልክ መቁረጥ ፈለገ እንበል። የመጀመሪያውን በሜትር ለካና ቆረጠ። የቀሩትን ዘጠኙን ግን በሜትር አልለካም፤ የመጀመሪያውን እያስጠጋ በእሱ ልክ ቆረጣቸው። ሲያልቅ ደርድሯቸው አሥሩም እኩል ሆኑ። ደስ አለው። የመጀመሪያውን ሲለካ ግን እጁ ስቶ ከሆነስ? አሥሩም አጥረዋል ማለት ነው። እኩል መሆናቸው የሚያረጋግጠው ከአንድ ልክ መቆረጣቸውን ብቻ ነው።

በሽምግልናም ይህ የታወቀ ነው። ሦስት ምስክሮች ቀርበው አንድ ቃል ቢናገሩ ሽማግሌው «አይታችኋል ወይስ ሰምታችኋል?» ብሎ ይጠይቃል። ሦስቱም ከአንድ ሰው አፍ የሰሙ ከሆኑ ምስክሩ አንድ ነው እንጂ ሦስት አይደለም። መጽሐፍም እንዲሁ። ከቪየናው ኅትመት በኋላ ይህ ሶናታ በየአገሩ ብዙ ጊዜ ታትሟል። ከቀደመው ኅትመት የተገለበጠውን ሁሉ ቆጥሮ «ይህን ያህል መጽሐፍ እንዲህ ይላል» ማለት ዋጋ የለውም። የለንደኑ መጽሐፍ፣ ምንም ተራው ቢዛባ፣ ዛሬም የሚፈለገው ለዚህ ነው። ከሌላ ግልባጭ የመጣ በመሆኑ የቪየናው ቀራጭ በሳተበት ቦታ እሱ ትክክለኛውን ሊይዝ ይችላል። በጠባዩ የማይመሰገን ሰው ለአንድ ነገር ግን የዓይን ምስክር ሊሆን እንደሚችለው ማለት ነው።

አሁን ያችን አከራካሪ ድምፅ እንያት። በአንደኛው ክፍል መካከል ዜማው ወደ ሩቅ አገር እንደሄደ መንገደኛ ከቆየ በኋላ ወደ መነሻው የሚመለስበት ቦታ አለ። ከመመለሱ ጥቂት ቀደም ብሎ አንዲት ድምፅ ደጋግማ ትመጣለች። ላ ትባላለች። በነጩ ቁልፍ ትመታ ወይስ አጠገቡ ባለው ጥቁር? ክርክሩ ይኸው ነው። በዚያ ስፍራ በመስመሩ ራስ ላይ ያለው ምልክት «ላ ሁሉ ከፍ ብሎ በጥቁሩ ይመታ» ይላል። ደራሲው ነጩን ቢፈልግ ኖሮ ከኖታዋ ፊት «ወደ ነበረችበት መልሱ» የሚል ትንሽ ምልክት ማስቀመጥ ነበረበት። ያች ምልክት በቪየናው የለችም። በለንደኑም የለችም።

ሁለቱ ስለተስማሙ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። የአጠናው ነገር ግን ትዝ ይበለን። ደራሲው ራሱ ምልክቷን መጻፍ ረስቶ ቢሆን፣ ከእሱ የተገለበጠው ሁሉ ምልክት አልባ ይሆናል። ቤትሆቨን በእጁ የጻፈው ዋናው ጽሑፍ ቢገኝ ቢያንስ ያን እናይ ነበር። ዋናው ጽሑፍ ግን ጠፍቷል።

ታዲያ ሊቃውንቱ ምን ያደርጋሉ? አንድ የቆየ ብልሃት አላቸው። ይህን ከእርሻችን በምሳሌ እናስረዳ። በአንድ መጽሐፍ ላይ «ገበሬው ድግሩን ከሞፈሩ ጋር በወገል ያዘው» የሚል ተጽፏል። በሌላው ግልባጭ ደግሞ «ገበሬው ድግሩን ከሞፈሩ ጋር በወንጌል ያዘው» ይላል። እናንተ ትስቃላችሁ። ወገል ምን እንደሆነ ታውቃላችሁና። ከተማ ያደገው ገልባጭ ግን ወገል የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። «ይኼማ ወንጌል ለማለት ነው፤ ነ ቀርታለች» ብሎ አረመው። ትክክለኛውን ስህተት አደረገው ማለት ነው። በኛ አስተያየት፣ የማያውቅ ገልባጭ ከሚያደርሰው ጥፋት እንዲህ ያለው «አውቃለሁ» የሚል ገልባጭ የሚያደርሰው ይብሳል። የማያውቀው ያየውን ይጽፋላ!

ከዚህ የወጣው ብልሃት እንዲህ ነው። ሁለት ንባብ ሲለያይ፣ አንዱ እንግዳ ሌላው የተለመደ ከሆነ፣ እንግዳው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ሰው የማያውቀውን ወደሚያውቀው ይለውጣል እንጂ የሚያውቀውን ወደማያውቀው አይለውጥም።

በዚህ መሠረት ጥቁሩ ቁልፍ ይሁን የሚሉ አሉ። ጥቁሩ ያልተጠበቀ፣ ጆሮን የሚያስደነግጥ ድምፅ ነው፤ ቤትሆቨንም እንዲህ ያለ ድፍረት ያውቅበታል፤ መጽሐፎቹም ያሉት ይህን ነው፤ ለምን እንነካዋለን ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ እንዲህ ይመልሳሉ። ብልሃቱ የሚሠራው ገልባጭ ቃል ሲለውጥ ነው። እዚህ ግን ማንም ምንም አልለወጠም፤ የቀረች ምልክት ብቻ ናት። ምልክት መርሳት ደግሞ ለሚጣደፍ ደራሲ የተለመደ ነው። ዜማው ወደ ቤቱ የሚመለስበት መንገድም በነጩ ቁልፍ ነው የሚቀናው። ከዚህም በላይ ቤትሆቨን ሲያረቅቅ ከጻፋቸው ወረቀቶች የተረፉ አሉ፤ እነሱም ወደ ነጩ ያመለክታሉ ይላሉ።

እኛ የሁለተኞቹ ነገር ይመዝንብናል። ረቂቅ ማለት ሐሳቡ ገና ሲበቅል ያለ ምስክር ነውና ቀላል አይደለም። በእርግጥ ሰው ከረቂቁ በኋላ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል፤ የሁለቱን ድምፆች ነገር አይተናል። ለዚህ ነው ክርክሩ ያልተዘጋው።

ቤትሆቨን በነበረበት ዘመን ድምፅ መቅጃ አልነበረም። በቅርብ ዘመን ለነበሩት ግን ሌላ ምስክር ተገኝቷል። የኛዋን የፒያኖ ደራሲ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን እንውሰድ። እማሆይ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ፤ አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ሙዚቃ ተማሩ። ኋላም መንኩሰው በግሸን ማርያም ኖሩ። ራሳቸው የደረሱትን ራሳቸው በፒያኖ እየተጫወቱ በሸክላ አስቀርጸዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች የተቀረጹት ጀርመን አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው እዚያው በገዳም ኖሩ። በእጃቸው ከጻፏቸው ኖታዎች የተዘጋጀ መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ2013 እሳቸው በሕይወት ሳሉ እዚያው ኢየሩሳሌም ወጣ። ያረፉት በ2015 ዓ.ም. ነው።

እዚህ ሦስት ምስክር አለ፦ የእጅ ጽሑፉ፣ የታተመው መጽሐፍና የራሳቸው ጣት የተቀረጸበት ሸክላ። ይህም ቢሆን ነገሩን ሁሉ አይፈታውም። የእማሆይን አጨዋወት የሰማ ሰው እንደሚያውቀው ዜማው እንደ ሰልፈኛ እርምጃ በእኩል አይቆጠርም፤ ይዘገያል፣ ይፈጥናል፣ እንደ ትንፋሽ ነው። አምስቱ መስመሮች ይህን ሁሉ አይዙም። ሸክላውና መጽሐፉ ቢለያዩ መጽሐፉ ስቷል አይባልም። አንድ ደራሲ የገዛ ዜማውን ዛሬ እንዲህ፣ ነገ እንዲያ ይጫወታልና። ይህ ከላይ እንዳየነው እንደ ቤተልሔምና እንደ ቆማ ያለ ልዩነት ነው፤ ሁለቱም የታወቀ ወላጅ አላቸው።

ሁለት ኅትመቶችን አመሳክሮ አዲስ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ጥሩ ባለሙያ በመጨረሻ የሚሠራው ይህን ነው። በዋናው ቦታ እሱ ያመነበትን ይጽፋል። ከዚያ በገጹ ግርጌ ወይም በመጽሐፉ ጀርባ በትንንሽ ፊደል «የቪየናው እንዲህ ይላል፤ የለንደኑ እንዲያ ይላል፤ ይህ ምልክት በሁለቱም የለም፤ እኛ ጨምረነዋል» ብሎ ይገልጻል። የጨመረውን ምልክት ብዙ ጊዜ በቅንፍ ውስጥ ያደርገዋል። በሀመርክላቪር አዳዲስ ኅትመቶች ላይ ስለዚያች ላ የሚናገር እንዲህ ያለ ማስታወሻ ይገኛል። ተጫዋቹ ያን አንብቦ ነጩን ወይም ጥቁሩን ይመርጣል። በአዳራሽ ተቀምጠው ከሚሰሙትም መካከል ድርሰቱን የሚያውቁት፣ ያ ቦታ ሲቃረብ የትኛውን እንደሚመታ ለመስማት ጆሯቸውን ያቀናሉ።